አስታማሚ፦ ሕመምተኛን በቤት የመንከባከብ ታሪክ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሕመምተኛን ቤት ውስጥ አስታምሞ ማዳን ከሆስፒታል የቀደመ፣ ሆስፒታል ከመጣም በኋላ ያልቀረ ሥራ ነው። ዘመናዊ የሆስፒታል ሕክምና በአዲስ አበባ ከተጀመረ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ከዚያ በፊት የቆሰለው፣ የተሰበረው፣ በዕድሜ የደከመው ሁሉ የሚታከመውም የሚያገግመውም ቤቱ ነበር። ሆስፒታሎች ከተከፈቱም ወዲህ ሐኪሙ ቀድዶና ሰፍቶ ሲጨርስ የሚቀረው ሥራ፣ ማለትም ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ማገላበጡ፣ ደግፎ ማስነሳቱና ሌሊት ነቅቶ መጠበቁ፣ በአብዛኛው በቤተሰብ እጅ ቆይቷል። የአገሪቱ የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ሐኪሞቹና ሕንፃዎቹ በስም ይነሳሉ፤ አስታማሚው ግን የሥራውን ግማሽ ተሸክሞ ሳለ ስሙ ብዙም አይጠራም። በተለይ አረጋዊ ወላጅ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያገግምበት መንገድ ያለ አስታማሚ ታሪክ ሊታወቅ አይችልም።

ከሆስፒታል በፊት

በቀድሞው ዘመን የቀዶ ሕክምናን ያህል ሥራ የሚሠራው ወጌሻ ነበር። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፣ የወለቀ መገጣጠሚያ ይመልሳል፣ በጦርነት ጊዜ ከቆሰለ ሰው ገላ ጥይት ያወጣል። ከእሱ ሌላ በዋግምት ደም የሚያወጡ፣ እንጥል የሚቆርጡ፣ ቅጠልና ሥር የሚያውቁ መድኃኒተኞች ነበሩ። በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍትም በየገዳሙና በየደብተራው እጅ ይገኙ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ሥራ ግን አጭር ነበር። ወጌሻው የተሰበረውን እግር ስቦ ያስተካክላል፣ በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ ስንጥቅ ዙሪያውን ደግፎ በጨርቅ ያስረዋል፣ ተመልሶ የሚያይበትን ቀን ተናግሮ ይሄዳል። ሳምንታት ወይም ወራት የሚፈጀው ማገገም የቤቱ ሰው ሥራ ነበር።

ሕመምተኛው መደብ ላይ ወይም ጠፍር አልጋ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ ተነጥፎለት ይተኛል። ምድጃው ቅርብ ስለሆነ ብርድ አያገኘውም። ከበሩ በኩል መጋረጃ ይጣልለታል፤ ዓይነ ጥላ ያለበት፣ ሽቶ የተቀባ ወይም ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው በድንገት ቢገባ ቁስሉ ይመረቅዛል ተብሎ ይታመን ነበርና። ምች እንዳይመታው ፀሐይና ነፋስ ይከለከላል፤ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ከቤት አይጠፉም። ልማዱ የተመሠረተው በሌላ ምክንያት ላይ ቢሆንም አንድ ጥቅም ነበረው፤ ክፍት ቁስል ያለበትን ሰው ከብዙ እጅና ከብዙ ትንፋሽ ያርቅ ነበር። ጉዳቱ ደግሞ ጭስ በሞላው የተዘጋ ቤት ውስጥ ደካማን ሰው ለረጅም ጊዜ አስተኝቶ ማቆየቱ ነው።

የሕመምተኛ ምግብ ከጤነኛው ምግብ የተለየ ነበር። ዋናው አጥሚት ነው። የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፣ እንዳይጓጉል እየተማሰለ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ቅቤ ወይም ማር ይገባበታል፤ ማኘክ ላቃተውና የምግብ ፍላጎቱ ለተዘጋ ሰው በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ብዙ በመተኛት ሆዱ ለደረቀበት ተልባ ይመታለታል። አቅም ያለው ቤት የዶሮ መረቅ፣ ወተትና እንቁላል ይጨምራል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአራስ ቤት ወደ ሕመምተኛ ቤት ሲተላለፍ የኖረ ነው። አራስ ያረሰች ሴት ሕመምተኛ ማስታመምም ታውቃለች ተብላ የምትታመነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሥራው በፆታ የተከፋፈለ ነበር። ማብሰሉ፣ ማጉረሱ፣ ልብስ ማጠቡና ሌሊት መንቃቱ በሴቶች ላይ ይወድቃል። ሽማግሌ አባትን ደግፎ ወደ ደጅ ማውጣትና ገላውን ማጠብ የወንዶች ልጆች ነው፤ እናትን የሚያጥቡ ሴቶች ልጆች ወይም ምራቶች ናቸው። ወደ ወጌሻ ወይም ወደ ጠበል መሄድ ሲያስፈልግ የአካባቢው ወንዶች ቃሬዛ ይሠሩና እየተቀባበሉ በትከሻቸው ይሸከማሉ። ይህ ልማድ መንገድ ባልገባባቸው አካባቢዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዘልቋል፤ አንዳንድ የገጠር እድሮችም የራሳቸው ቃሬዛ አላቸው።

ከቤተሰቡ ቀጥሎ ጠያቂው ይመጣል። የታመመን መጠየቅ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ነው፤ በእስልምናም ሙስሊም ለሙስሊም ወንድሙ ካለበት ግዴታ ይቆጠራል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ወተት፣ እንቁላል ወይም ማር ይዞ፣ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ይገባል። ቄሱ ጠበል ይረጫሉ፣ ቀንዲል ይደግማሉ፤ በሙስሊሙ ቤት ዱዓ ይደረጋል። በሥራ ለደከመው አስታማሚም የጠያቂው መምጣት ፋታ ነበር፤ ጎረቤቷ ከሕመምተኛው አጠገብ ስትቀመጥ የቤቱ ሴት ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ጥቂትም ትተኛለች።

ጧሪና ቀባሪ

ይህን ሁሉ የሚያስገድደው የመጦር ግዴታ ነው። ልጅ ወላጁን በእርጅናው ይጦራል፣ በሞቱ ይቀብራል፤ ጧሪ ቀባሪ ማጣት ከድህነትም የከፋ ዕጣ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ግዴታው ዋጋ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ወላጁን የጦረና ያስታመመ ልጅ በኑዛዜ ከወንድሞቹ ብልጫ ማግኘቱ የተለመደ ነበር። ከዚያም በላይ የሚፈለገው ምርቃቱ ነው። ያልተጦረ ወላጅ እርግማን እንደሚያስፈራ ሁሉ፣ የተጦረ ወላጅ ምርቃት ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባል ነበር።

ልማዱ ኋላ ሕግ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በወላጅና በተወላጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታን ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጸና። በሕጉ ቀለብ ማለት ምግብ፣ መጠለያና ልብስ ብቻ ሳይሆን ጤናን መጠበቂያንም ይጨምራል። ሕጉ ስለ ገንዘብና ስለ ኑሮ ሲናገር ግልጽ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና የወጣን ወላጅ ሌት ተቀን ስለሚያስታምም ሰው ጊዜና ድካም ግን ዝም ብሎ አልፏል።

በቤተ መንግሥት የታየ ማስታመም

ተራው ሰው ቤት ውስጥ ይደረግ የነበረውን የጻፈ ጥቂት ነው። በቤተ መንግሥት የሆነው ግን ተመዝግቧል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ስለ ልጇ ጭንቅ ላይ ነበረች። ብሩስ በሙያው ሐኪም አልነበረም፤ ሶርያ ሐለብ ከተማ ይኖር ከነበረ ራስል ከሚባል ሐኪም ወዳጁ የተማረውን ይዞ ነበር የመጣው። ቤቶቹን ሲረከብ በመጀመሪያ ያደረገው በሮችንና መስኮቶችን ማስከፈት ነው። ከዚያ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በለብታ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ትእዛዙ የብሩስ ቢሆንም መስኮቱን የከፈቱት፣ ውኃውን ያሞቁት፣ ከሕመምተኞቹ አጠገብ ያደሩት የግቢው ሰዎች ናቸው። አዲስ ሕክምና በነባር አስታማሚ እጅ መሠራቱ ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ታይቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕመም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ጤናቸው እየታወከ ሄዶ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ በደረሰባቸው ከባድ የደም ሥር ምት አካላቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ደብረ ሊባኖስ ሄደው ጠበል ተጠምቀዋል፤ የጓድሉፑ ተወላጅ ዶክተር ቪታሊየንና ጀርመናዊው ዶክተር ሽታይንኩለርም አክመዋቸዋል። ከአልጋቸው ያልተለዩት ግን እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ማን ወደ ሕመምተኛው ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው መሆናቸው የመንግሥትን ሥልጣን በእጃቸው አደረገው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንስተው ባለቤታቸውን በማስታመም እንዲወሰኑ አስታወቁ። አፄ ምኒልክ በዚህ ሁኔታ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በአገሪቱ ትልቁ ቤት ለዓመታት የቆየው ይህ ማስታመም ሁለት ነገር ያሳያል። ሐኪም ቢበዛም የዕለት ከዕለቱ ሥራ የቤተሰብ ነበር፤ ያም ሥራ በትልቅ ሰው ቤት እንኳ ከመንግሥት ሥራ ጎን ሲታይ ዝቅ ያለ የሴት ድርሻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ሆስፒታልና ነርስ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተደረገው የዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ገባ። ሥራው ኋላ ቋሚ የሩሲያ ሆስፒታል ሆኖ እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ቀጠለ፤ በዚያው ስፍራ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ገደማ ተተከለ። በልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን ደግሞ በስዊድናዊው ዶክተር ሃነር የሚመራው ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል በ1917 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ፤ ዛሬ የካቲት 12 ሆስፒታል የሚባለው ነው። የአድቬንቲስት ሚሲዮን በ1920ዎቹ ዓ.ም. ፍል ውኃ አጠገብ ያቆመው ሆስፒታል ዛሬ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው።

እነዚህ ሆስፒታሎች ጥቂት ሐኪምና ከዚያ ያልበዛ ነርስ ነበራቸው። ነርሶቹም ለረጅም ጊዜ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው በሥራ ላይ የሠለጠነው ኢትዮጵያዊ ድሬሰር ነበር። ስለዚህ አስታማሚው ከቤት ወደ ሆስፒታል ተከትሎ ገባ። ምግብ ከቤት በሳህንና በፔርሙዝ ይመጣል፤ ሌሊት ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ የሚተኛ ዘመድ ይኖራል። መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ የሚያመጣው፣ ሕመምተኛውን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ራጅ ክፍል የሚወስደው፣ ነርስ የሚጠራው እሱ ነው። ዛሬም በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች በር ላይ ለአስታማሚ መግቢያ ካርድ ይሰጣል፤ ካርዱ ሆስፒታሉ ያለ አስታማሚ እንደማይሠራ የሚመሰክር ወረቀት ነው።

ማስታመምን ሙያ የማድረጉ ጥረት ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጋር የተያያዘ ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ወረራው ባስከተለው የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ስደት ዘመን ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ ከነፃነት በኋላ አገሯ ተመልሳ ወለጋ ሳለች በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመቷ ዐረፈች። የንጉሥ ልጅ የሕመምተኛ ገላ የምታጥብበትን ሙያ መምረጧ በዚያ ዘመን ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ በቤት ውስጥ እንደ ግዴታ፣ በውጭ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይታይ የነበረውን ማስታመም የክብር ሙያ ለማድረግ ረድቷል። በስሟ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታልና ቀይ መስቀል በቤተ ሳይዳ ያቋቋመው የነርሶች ትምህርት ቤት በ1940ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ነርሶችን ማሠልጠን ጀመሩ።

ሙያው ወደ ቤት የተመለሰው በጎንደር ነው። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የጽዳት ባለሙያዎችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን በአንድነት አሠለጠነ። የኅብረተሰብ ነርሷ ሥራ ሕመምተኛ እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን ቦርሳዋን ይዛ ቤት ለቤት መሄድ ነበር። ትኩረቷ ግን እናቶች፣ ሕፃናትና ተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ከዚህ ሌላ መሆንም አይችልም ነበር፤ በብዛት የሚሞቱት እናቶችና ሕፃናት፣ በብዛት የሚገድሉትም ተላላፊ በሽታዎች ነበሩና። ከሆስፒታል የወጣ አረጋዊ ቁስሉን የሚያሳጥበው ጡረታ ለወጣ ድሬሰር ወይም በሰፈሩ መርፌ ለሚወጋ ሰው ከፍሎ ነበር።

ከመተኛት ወደ መነሳት

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረገውን ማስታመም ከሁሉ በላይ የለወጠው በሌላ ዓለም የተገኘ ዕውቀት ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካም ቢሆን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለሳምንታት እንዲተኛ ይታዘዝ ነበር። በቺካጎ የነበረው ኤሚል ሪስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሕመምተኞቹን ቶሎ ማስነሳት እንደሚጠቅም ጽፎ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዳንኤል ላይትሃውዘር ጉዳዩን በድጋሚ አነሳው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአልጋና የነርስ እጥረትም ሐኪሞች እንዲሞክሩት አስገደደ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ቶሎ በተነሳ ሰው ላይ የሳንባ መቆጣት፣ የእግር ደም መርጋትና የጡንቻ መሟሸሽ ይቀንሳል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዴንማርካዊው ሄንሪክ ኬህሌት ይህንኑ ከሕመም ማስታገሻና ከምግብ አሰጣጥ ጋር አዋሕዶ የተሟላ ሥርዓት አደረገው። ሕመምተኛው በቀናት ውስጥ ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ፤ በሆስፒታል ያጠረው ጊዜ በአስታማሚው ላይ ተጨመረ።

ይህ ዕውቀት ኢትዮጵያ ሲደርስ ከነባሩ ልማድ ጋር ተጋጨ። በልማዱ የታመመን ማክበር ማለት ማስተኛት ነው። የተሰበረ ዳሌው የተጠገነ ወይም የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያደረገ አባት በማግሥቱ ተነስቶ ሲራመድ ማየት ለልጆቹ ጭካኔ ይመስላል፤ ጠያቂውም «ምነው አታሳርፉትም?» ይላል። በአረጋውያን ላይ ግን መተኛት ራሱ ሁለተኛ በሽታ ነው። ሥጋው የሳሳ ሰው በአንድ ጎኑ ለሰዓታት ከተኛ በዳሌው፣ ከወገቡ በታችና በተረከዙ ላይ የመኝታ ቁስል ያወጣል። ቁስሉን ለመከላከል ዋናው መንገድ በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማገላበጥ፣ አንሶላው እንዳይጨማደድና እንዳይረጥብ መጠበቅ፣ ቀላ ያለ ቆዳ ሲታይ ያንን ቦታ ከጫና ማሳረፍ ነው። ይህን የሚያደርገው ሌሊቱን ተከፋፍሎ የሚነቃ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

አስታማሚው ማየት የሚገባውም ብዙ ነው። ቁስሉ ቀልቶ መሞቁን፣ መግል ማውጣቱን ወይም መሽተቱን፣ ትኩሳት መኖሩን፣ አንድ ባት ብቻ ማበጡን፣ ሽንት መዘግየቱን ይከታተላል። ጤነኛ አእምሮ የነበራቸው ሰው በድንገት ሲቃዡ ወይም ልጃቸውን ሳይለዩ ሲቀሩ ዘመድ አጋንንት ነው ወይም እርጅና ነው ሊል ይችላል፤ ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ምልክት ስለሆነ ወደ ሐኪም መመለስን ይጠይቃል።

ምግብም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቁስል እንዲሽር እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ምስርና ሽሮ የሚሰጡት ገንቢ ምግብ ያስፈልጋል። ብዙ አረጋውያን ግን ታመውም ቢሆን ጾማቸውን መፍታት አይወዱም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕመምተኛን ከጾም ያሳርፋል፤ የእስልምናም ሥርዓት በረመዳን ለታመመ ፈቃድ ይሰጣል። እናት ግን ልጃቸው ወይም ነርሷ ስለነገረቻቸው ብቻ አይበሉም። እዚህ ላይ የንስሐ አባት ሚና ይገባል፤ አባ መጥተው «እኔ ፈትቻለሁ፣ ይብሉ» ካሏቸው በኋላ ሐኪሙ ያዘዘው ይፈጸማል። ልምድ ያላቸው ነርሶች ይህን ስለሚያውቁ የምግብ ምክራቸውን ለቤተሰቡ ሲሰጡ የንስሐ አባታቸውን እንዲጠሩ ጭምር ይነግሯቸዋል።

እድርና የኤድስ ዘመን

በአዲስ አበባ ማስታመምን ከቤተሰብ ክልል ያሰፋው እድር ነው። እድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ከገጠር ወደ ከተማ በፈለሱ ሰዎች፣ በተለይም በጉራጌ ተወላጆች መካከል እንደተስፋፋ ይታወቃል። ዋና ሥራው ቀብር ነው፤ ብዙ እድሮች ግን አባል ሲታመም ጠያቂ ይመድባሉ፣ ሆስፒታል ለገባም ጥቂት ገንዘብ ይሰጣሉ።

እድር ከመቅበር ወደ ማስታመም በግልጽ የተሻገረው በኤችአይቪ ኤድስ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሆስፒታሎች ሞልተው ነበር፤ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት የማስታመም ዓመታት ነበሩ። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ማኅበራት፣ ነርሶችና እድሮች ተባብረው በጎ ፈቃደኛ አስታማሚዎችን አሠለጠኑ። ጓንት ማድረግ፣ ቁስል ማጠብ፣ የተኛን ሰው ሳይጎዱ ማገላበጥ፣ አንሶላ ሕመምተኛው ሳይነሳ መቀየር፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት በሰፈር ሴቶች እጅ ገባ። ብዙ ጊዜ አስታማሚዋ ልጆቿን ቀብራ የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አሮጊት ነበረች። በአገሪቱ ታሪክ ተራው አስታማሚ በተደራጀ ሁኔታ ሥልጠና ያገኘበት ትልቁ ወቅት ይህ ነው። መድኃኒቱ ሲስፋፋና ሕመምተኞቹ ከአልጋ ሲነሱ ግን አብዛኛው ፕሮግራም በዚያው ቀረ፤ የተገኘው ልምድ ወደ አረጋውያንና ከቀዶ ሕክምና ወደሚያገግሙ ሰዎች አልተሻገረም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች የሆኑ ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማራ። ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየሄዱ በመጀመሪያ 16 የጤና ፓኬጆችን አስተማሩ፤ የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት በመቀነስ የታወቀ ሥራ ሠሩ። ከሆስፒታል የወጣን አረጋዊ መከታተል ግን ከዋናዎቹ ተግባሮቻቸው አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለሚሰጥ ሕክምና የሚከፍል ነው። የጤናው ሥርዓት እስከ ሕመምተኛው ደጃፍ ደርሷል፤ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰው ሽማግሌ የተኛበት አልጋ አጠገብ ግን ገና አልደረሰም።

የአስታማሚው ቤት ሲለወጥ

በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ቀዶ ሕክምና እየበዛ ሲሄድ አስታማሚው የሚገኝበት ቤት ተለወጠ። ሴት ልጅ ትማራለች፣ ቢሮ ትውላለች። ወላጇን ታስታምም የነበረችው ልጅ ቤይሩት፣ ጂዳ ወይም ዱባይ ሄዳ የሌላ አገር አሮጊት እያስታመመች ለእናቷ ገንዘብ ትልካለች። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ አራት ፎቅ ከፍታ ያላቸው፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው፤ ጉልበታቸውን ወይም ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰው እዚያ ላይ ከወጡ ለክትትል ቀጠሮ ለማውረድ እንደ ጥንቱ ቃሬዛ ጎረቤት መጥራት ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ልዩና ከባድ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ አንድ የዳሌ ስብራት የሚፈልገው ማስታመም ግን ወራት ይፈጃል።

ክፍተቱን የሞላችው በአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ናት። ከገጠር የመጣች፣ ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ወጥ ከመሥራት ጎን ለጎን የሽማግሌውን ቁስል ትጠብቃለች፣ ኪኒን ትሰጣለች፣ ደግፋ ታስነሳለች፤ ይህን የሚያስተምራት ግን የለም። አቅም ላላቸው ቤተሰቦች ደግሞ በአዲስ አበባ ነርስና ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ የሚልኩ የግል ድርጅቶች ብቅ ብለዋል፤ ብዙ ጊዜም ክፍያውን የሚሸፍነው ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህንኑ ሥራ በሌላ መልክ ያውቁታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ሜዲኬር የተባለውን የአረጋውያን የጤና መድን ስትመሠርት በቤት የሚሰጥ የነርስ እንክብካቤን አካታለች። የቤት ውስጥ ጤና ረዳት ለመሆን የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሥራ ይተዳደራሉ። እስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በተግባር ባዋለችው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ሕግ ራሳቸውን መርዳት ላቃታቸው አረጋውያን በቤታቸው ረዳት ትመድባለች፤ ከኢትዮጵያ የገቡ የቤተ እስራኤል አረጋውያንም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። በአገር ቤት በግዴታና በፍቅር ብቻ የሚሠራው ሥራ እዚያ ሥልጠና፣ ሰዓትና ደመወዝ ያለው ሙያ ሆኗል።

የኢትዮጵያ አስታማሚ ታሪክ የሚያሳየው ቤተሰቡ ሥራውን ለመሸከም አቅማምቶ እንደማያውቅ ነው። የጎደለው የማስተማርና የመደገፍ ሥራ ነው። የጎንደር ኮሌጅ ነርስን ቤት ለቤት መላክ እንደሚቻል አሳይቷል፤ የኤድስ ዘመን እድሮችም ያልተማረች አሮጊት ጥቂት ሥልጠና ካገኘች ከባድ ሕመምተኛ በደህና ማስታመም እንደምትችል አረጋግጠዋል። ከዚህ ተነስቶ ሊሠራ የሚችለው ነገር ውድ አይደለም። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ቤት የሚያስታምመው ሰው ተጠርቶ ማገላበጥን፣ ማስነሳትን፣ ቁስል ማየትንና የአደጋ ምልክቶችን በእጁ እየሠራ እንዲማር ማድረግ፣ መመሪያውን በሚያነበው ቋንቋ ጽፎ መስጠት፣ በአካባቢው ጤና ጣቢያ በኩል ቤት ድረስ ተከታትሎ ማየት፣ ለሚያስታምም ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ፈቃድ መስጠት ነው። ሆስፒታሎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የቆሙት በአስታማሚው ድካም ተደግፈው ስለሆነ፣ ይህ ለአስታማሚው የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የሕክምናው የራሱ ክፍል ነው።